ውኃ የለመደ እጅና የጋሽ በዛብህ ጥርስ

ጡረታ በወጣሁ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስሜን አሳስቶ ጠራኝ። ኬክ ተቆረጠ፣ ካርድ ተሰጠኝ፣ ተጨበጨበልኝ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ፣ «ሚስተር ታካሊን፣ ለምንቀረው የምትተወው ምክር አለ?» አለኝ። ስሜ ተካልኝ ነው። «ምክር ምን ያደርግላችኋል፤ ማሽን አላችሁ» ብዬው ኬኬን መብላት ቀጠልኩ።

አልዋሸሁም። አሁን ጥርስ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው። ሐኪሙ አፍ ውስጥ ትንሽ ካሜራ ያስገባል፣ ምስሉ በኢንተርኔት ይመጣል፣ ማሽኑ ከነጭ ጡብ ላይ ፈልፍሎ ያወጣዋል። ወርቅ የሚያዝ ሐኪም ከስንት አንድ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁበት የብረት ክፍል የካርቶን ማከማቻ ሆኗል። ወርቅ የምናጠነክርባት ምድጃ፣ ቁመቷ ከዳቦ መጥበሻ የማትበልጥ፣ «የሚጣል» የሚል ቀይ ወረቀት ተለጥፎባት በሩ ሥር ተቀምጣ አየኋት። ኬኩን ያስቀመጥኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ እጽፈዋለሁ። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ፊደሌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሠኝ ብዬ አልለምንም። አልታገሥም የሚል ይተወው።

እኔ አንጥረኛ ነኝ። ደሴ ተወለድኩ፣ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በልጅነቴ አዲስ አበባ መጥቼ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሥራ ያስተማሩኝ ጌታዬ አቶ ይመር ይባላሉ። አንጥረኛ በአገራችን ምን እንደሚባል የማያውቅ ካለ ልንገረው። ፊት ለፊት «ባለ እጅ» ይሉናል፣ ዞር ስንል «ቡዳ»። እኔን ከዚህ ይልቅ የሚያንገበግበኝ የደንበኛው ጥርጣሬ ነበር። ሴትየዋ የእናቷን ወርቅ አምጥታ ቀለበት ስታሠራ ከእሳቱ አጠገብ ንቅንቅ አትልም። ዓይኗን እጃችን ላይ ተክላ፣ «መዳብ እንዳትከቱበት!» ትላለች። አንዲት ባለጸጋ ጌታዬን «መዳብ ቀላቀለብኝ» ብላ በሰፈሩ ሁሉ አወራችባቸው። አልቀላቀሉም። ወናፉን ስነፋ የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አይቻለሁ። ግን የተበላሸ ወርቅ ድጋሚ ይቀልጣል፣ የተበላሸ ስም አይቀልጥም። ደንበኛ ራቀ፣ ሱቁ ተዘጋ፣ እሳቸውም በቁጭት ሞቱ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ወርቅ ይዞ «መዳብ» የሚል ቃል ከአፉ ሲያወጣ ደሜ ይፈላል።

በኋላ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ግርግር ሲነሣ እንደ ብዙው ሰው ታፍሼ ከረምኩ። ስወጣ ሱቁም ዕቃውም አልነበረም። እንዴት ለንደን እንደገባሁ አልጽፍም፣ የሌሎች ሰዎች ጉዳይ አለበት። ወረቀቴ ሲስተካከል የሰፈሩ መስተዳድር፣ ካውንስሉ፣ ብሪክስተን አንድ ክፍል ሰጠኝ፣ ሥራ አገናኞቹ ደግሞ ካምደን የሚገኝ የጥርስ ላብራቶሪ ላኩኝ። ባለቤቱ ሚስተር ኮሊን ይባላል፣ እስክሪብቶ እንኳ የሚቆጥብ ሰው ነው። ጀሶ ክፍል አስገባኝ። ከሐኪሞች የሚመጣውን የአፍ ቅርጽ በጀሶ ሞልቼ፣ አድርቄ፣ ጠርቤ ለሌሎቹ ማቀበል ነበር ሥራዬ። ደመወዙን አታንሱብኝ። ማታ ስገባ ከእግሬ እስከ ራሴ ነጭ ስለምሆን ጎረቤቶቼ ዱቄት ፋብሪካ የምሠራ ይመስላቸው ነበር።

አንድ ጠዋት የደረቀ ጀሶ ይዤ ብረት ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ገና ቀልጦ የፈሰሰ ወርቅ ከነቅርጹ ተቀምጧል፣ ጫፉ እንደ ፍም ይቀላል። አጠገቡ ሰው የለም። ረስተውት ነው አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ሕግ ነው፤ የቀላ ወርቅ ውኃ ይገባል። መቆንጠጫውን አነሣሁና ባልዲው ውስጥ ከተትኩት። ጩስስስ አለ።

«ዳርሊንግ» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ «ማነው ይህን አድርግ ያለህ?»

ሚስ ዶሪን ናት። ጃማይካ ተወልዳ ስትሪትሃም ያረጀች፣ አጭር፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ የብረት ክፍሉ ኃላፊ። «ዳርሊንግ» የምትለው በጣም ስትናደድ ብቻ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅሁት።

«ቀይ ነው» አልኩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። «ቀይ ወርቅ፣ ውኃ።»

«ሻይ ልጠጣ ሄጄ ነው፤ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። እንዲቀዘቅዝ።» ወርቁን ከባልዲው አውጥታ ጀሶውን አራገፈች። ወርቁ የፈሰሰበት ቀጭን መግቢያ እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱን ቆርጣ ጣቶቼ መሀል አደረገችው። «አጥፈው።»

አጠፍኩት። እንደ ሻማ ታጠፈ።

ከመሳቢያዋ ሌላ ጭራ አወጣች። «ይኸኛውም ያው ወርቅ ነው። ከአንድ ቁራጭ የመጣ። አጥፈው።»

ታገልኩ። እንቢ አለኝ። ጣቴን አመመኝ።

ሁለቱን ጭራዎች ጎን ለጎን ይዤ አገላበጥኳቸው። ሚስ ዶሪን ፊቴን አየችና ቁጣዋ በረደ። «አንተ ከወርቅ ጋር ሠርተሃል» አለችኝ። «ውኃውን ታውቃለህ። ሻይውን አታውቅም።» ያንኑ ዕለት ወደ ሚስተር ኮሊን ገብታ፣ «ያ ጀሶ ለባሹ ለእኔ ይሰጠኝ» ብላ ጠየቀችው።

ያን ቀን የገባኝ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ግማሹን ሥራ ነው። እኛ ወርቅ የምናግለው ለማለስለስ ነው። ስንቀጠቅጠው እንዳይሰነጠቅ አግለን ውኃ ውስጥ እንነክረዋለን፣ ይለሰልሳል፣ እንደገና እንቀጠቅጣለን። ጥርስ ውስጥ ግን ለስላሳ ወርቅ ምን ይሠራል? ሰው ሥጋ የሚቆረጥምበት ነው። የጥርስ ወርቅ ቅይጥ ነው፤ መዳብ አለው፣ ብር አለው፣ ትንሽ ፕላቲኒየምና ፓላዲየም አለው። ያን ቅይጥ ከቀላ በኋላ ውኃ ብትነክረው ልስልስ ይላል፣ ጥርሱ ላይ ልክ እስኪገባ እንዳሻህ ታስተካክለዋለህ። ልክ ሲሆን ደግሞ ምድጃ ውስጥ ታስገባዋለህ፣ እስኪቀላ ሳይሆን በመጠነኛ ሙቀት፤ በዚያው ሙቀት ታቆየዋለህ፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል፣ ይጠነክራል። ቅርጹ ያው፣ መልኩ ያው፣ ጠባዩ ሌላ።

ለምን እንደሆነ ሚስ ዶሪን ጠረጴዛ ላይ አዝራር ደርድራ አስረዳችኝ፣ እኔ ግን የገባኝ በራሴ መንገድ ነው። በቀላው ወርቅ ውስጥ ወርቁና መዳቡ እንደ ገበያ ሰው የተደበላለቁ ናቸው። ውኃ ስትነክረው እንደተደበላለቁ ድርቅ ይላሉ፣ ስትገፋቸው እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ቀስ ብለህ ስታበርደው ግን እያንዳንዱ ቦታውን ለማግኘት ጊዜ አለው። ማኅሌት ላይ ካህናቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ሲቆሙ አይታችሁ የለ? እንደዚያ ይሰለፋሉ። የተሰለፈ ሰው መሀል ሰንጥቀህ ማለፍ አትችልም። ይህን የሚያደርገው ደግሞ መዳቡ ነው። ንጹሕ ወርቅ ብቻውን ዓመት ሙሉ ምድጃ ውስጥ ብታስቀምጠው እሳት አይሰማም።

መዳብ! ጌታዬን የገደለው መዳብ ለካ ባለሙያ ነው።

ሚስ ዶሪን ብዙ አትናገርም ነበር፣ ልማዶቿ ነበሩ የሚናገሩት። የእሳት ቀለም የምታየው ውስጡን ጥቁር በቀባችው ካርቶን ውስጥ ነው፣ «የመስኮት ብርሃን ይዋሻል» ትላለች። ብረት ሲግል አታወራም፣ ስልክም አታነሣም። ሻይዋን ጠጥታ ሳትጨርስ ምንም ነገር ከጠረጴዛ ላይ አታነሣም፤ እሷ ዘንድ ሻይ ሰዓት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የጭራው ሕግ አለ። የእያንዳንዱን ሥራ ጭራ ቆርጣ አትጥለውም። ሥራው ምድጃ ሲገባ ጭራውም አብሮ ይገባል፣ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ጭራውን በፒንሳ ታጥፈዋለች። እንቢ ካለ ሥራው ጠንክሯል፣ ከታጠፈ ተመልሶ ይገባል። «ጭራው ሥራው የሄደበት ሁሉ ይሄዳል» ትላለች። ይህን በቀን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው።

ማንበብ እንደማልችል የደረሰችበትም እሷ ናት። የወርቅ አምራቹ የላከውን መመሪያ አንብብ ብላ ሰጠችኝ፣ እኔ ዘቅዝቄ ይዤ ራሴን እነቀንቃለሁ። አልሳቀችም። ወረቀቱን አቃንታ መለሰችልኝና፣ «ብሪክስተን የማታ ትምህርት አለ፣ ሄደህ አፕላይ አድርግ» አለችኝ። እንግሊዝኛውን ስይዝ በራሴ ቋንቋ መሃይም መሆኔ አሳፈረኝ። ስትሪትሃም ውስጥ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ለልጅ ልጆቻቸው ፊደል ያስቆጥራሉ፣ ከሕፃናቱ ጋር መሬት ተቀምጬ ቆጠርኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ ይኸው እጽፋለሁ።

ጥሩ ዓመታት ነበሩ። ሚስ ዶሪን ዳሌዋን ታማ ጡረታ ስትወጣ የብረት ክፍሉ ለእኔ ተተወ። ጋሽ በዛብህ የመጡብኝ ያን ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የደወለችልኝ ዶክተር ሐና ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ያበሻ ልጅ፣ ብሪክስተን ክሊኒክ ያላት። «ጋሽ ተካ፣ ሰላም ነዎት? ሊስን፣ አንድ ፔሸንት አለኝ፣ ሚውዚሽን ናቸው፣ ትራምፔት። ፍሮንት ጥርሶቻቸው የሉም። በክሮም ብረት ሠርተንላቸው ድዳቸው ሪአክት አድርጎ አበጠ። ጎልድ ይሻላል መሰለኝ። እርስዎ ይሠሩልኛል?»

ጋሽ በዛብህ በጃንሆይ ዘመን በጦር ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ለንደን ያለ ያበሻ ሰርግ ያለሳቸው አይደምቅም ነበር፣ ጥርሳቸው እስኪወልቅ። የፊት ጥርስ የሌለው ሰው ትራምፔት አይነፋም፣ ከንፈሩ የሚያርፍበት የለም። እኔ የምሠራላቸው የሚወልቅ ጥርስ ነው። ከሥሩ ቀጭን የወርቅ አካል አለው፣ ከአካሉ የሚወጡ የወርቅ ጣቶች የቀሩትን ጥርሶች አቅፈው ይይዙታል። ጣቶቹ ከላሉ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ሥራው ጣቶቹ ነው ማለት ይቻላል።

ልኩን ልይ ብዬ ክሊኒኩ ስሄድ ሽማግሌው ኮትና ከረባት አድርገው ተቀምጠዋል።

«ባለ እጁ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ወርቁ ንጹሕ ነው?»

«አይደለም። መዳብ አለበት።»

ወደ ዶክተር ሐና ዞሩ። «ልጄ፣ ብዙ ሌባ አይቻለሁ። ፊት ለፊት እየነገረ የሚሰርቅ ግን አሁን ገና ማየቴ ነው።»

«ኖ፣ ኖ፣ ጋሽዬ! አሎይ ነው፣ ቅይጥ ማለት፣ ኖርማል ነው...»

«ዝም በይ አንቺ። አገራችን ብትሆኚ ይገባሽ ነበር።» ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ፣ ውስጡ አንድ የቆየ የወርቅ አምባር። «የባለቤቴ ነው፣ ነፍሷን ይማር። ንጹሕ ወርቅ ነው። ከዚህ ሥራልኝ።»

«አልሠራም» አልኩ። «ሕጉ አይፈቅድም። ቢፈቅድም አልሠራም። ይጣመማል።»

«የምትጣመመውስ አንተ ነህ!»

እንዲህ ነበር ትውውቃችን። እኔም አልተመለስኩላቸውም፣ ያልኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ደግ አይደለም። በመጨረሻ እሺ ያሉት ለልጃቸው ብለው ነው። ትንሿ ልጃቸው መስከረም ላይ ልትዳር ነው። «ታላላቆቿን እየነፋሁ ነው የዳርኳቸው» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «እሷን ዝም ብዬ ከምሸኝ ሞቼ ብገኝ ይሻለኛል። ሥራው። መዳብህን ግን አሳንሰው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ የለም። ሰሙን ቀረጽኩ፣ ወርቁን አፈሰስኩ፣ ውኃ ነክሬ አለሰለስኩ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጥርሱ ላይ አስተኛኋቸው፣ ከነጭራው ምድጃ አስገባሁት። ሻይም ጠጣሁ። ጭራውን በፒንሳ ሞከርኩት፣ እንቢ አለ። ደስ አለኝና ወረወርኩት። ከዚያ በማጉያ መስታወት ሳየው የአንዱ ጣት ጫፍ አጥሯል። ትንሽ ወርቅ በይጄ አስረዘምኩት፣ አጸዳሁት፣ ነጫጮቹን ጥርሶች ገጠምኩበት፣ ላክሁት።

ጋሽ በዛብህ አጠለቁት። ልክ ሆነ። ወር ያህል ነፉበት፣ በሉበት፣ ሲለማመዱ ጎረቤት ካውንስል ድረስ ከሰሳቸው። እኔም በልቤ፣ ጌታዬ አቶ ይመር ባዩኝ አልኩ።

ከዚያ ስትሪትሃም አንድ የክርስትና ድግስ ተጠራን። አዳራሹ ሙሉ ነው። ጋሽ በዛብህ ትራምፔታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ሰው አጨበጨበ። ጀመሩ። ዜማው ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄደና ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ። ጥርሱ ከአፋቸው ወጥቶ ትራምፔቱን መታና መሬት ላይ ተንከባለለ። ሕፃናቱ ሳቁ። ትልልቆቹም ሳቃቸውን የዋጡ መሰላቸው እንጂ አልዋጡትም።

ሽማግሌው አጎንብሰው አነሡት። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ሰው መሀል በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ።

«መዳብ!» አሉ በባዶ ድዳቸው። «መዳብ ከተተብኝ፣ ይኼ አንጥረኛ!»

የተናገሩት ቃል ጌታዬን የገደለው ያው ቃል ነው። ፒያሳን ጥዬ፣ ባሕር አቋርጬ ብመጣም፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጠብቆኛል። በሳምንቱ ብሪክስተን ገበያ ዓሣ ስገዛ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ፣ «ወርቅ እሠራልሻለሁ ቢልሽ አጠገቡ ቁጭ በይ» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞሬ አየኋቸው፣ አላፈሩም።

ሚስተር ኮሊን ደግሞ በበኩሉ፣ «በፕላስቲክ ሠርተህ ስጣቸውና ይልቀቁን» አለኝ። በፕላስቲክ ትራምፔት አይነፋም። ዶክተር ሐና ጥርሱን በፖስታ መለሰችልኝ። ጣቶቹን ነካሁ፤ ልክ እንደ ሻማ ናቸው። ጭራው እንቢ ብሎኝ ነበር እኮ! እንዴት ሊሆን ይችላል? ወርቁ ራሱ መጥፎ መስሎኝ አምራቹን ስረግም ሰነበትኩ።

በመጨረሻ ጥርሱን በሳጥን አድርጌ ወደ ሚስ ዶሪን ሄድኩ። ምርኩዝ ይዛ ከፈተችልኝ። ጥርሱን አየችው፣ አንዱን ጣት በጥፍሯ ገፋችው።

«ጭራው የታል?»

«ጠንካራ ነበር። ራሴ ሞከርኩት።»

«ጠንካራ ነበር ወይ አላልኩም፣ የታል ነው ያልኩህ።»

«ጣልኩት።»

የተበየደውን ጫፍ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው። «ይህን መቼ በየድከው?»

«ከምድጃ ከወጣ በኋላ።»

«ስትበይደው ቀላ?»

«መላው አካሉ ቀላ። ሳይቀላ አይበየድም።»

«ከዚያስ?»

ከዚያማ ምን ይደረጋል፤ የቀላ ወርቅ ውኃ ይገባል። ጭንቅላቴ ሁሉንም ያውቃል፣ ምድጃውን፣ ሻይውን፣ ጭራውን። እጄ ግን ከልጅነቱ ውኃ የለመደ ነው። ሳልጠይቀው ከተተው። ያጠነከርኩትን በአንድ ጩስታ መልሼ አለሰለስኩት፣ ጭራው ግን አብሮት ስላልነበረ የሚነግረኝ አልነበረም።

«ጭራው ሥራው የሄደበት ሁሉ...» አለች ሚስ ዶሪን።

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ፣ ዳርሊንግ።» ምርኩዟን ተደግፋ ውኃ ጣደች። ሻይው ፈላ፣ ተቀዳ። እኔ ስሜ እንደጠፋ፣ ሥራውን ልተወው እንዳሰብኩ ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ምን የሞተ ነገር አለ?» አለችኝ። «ብረት እንደ ሸክላ አይደለም። የለሰለሰው በእሳት ነው፣ የሚጠነክረውም በእሳት ነው። ወርቁም ያው፣ ቅርጹም ያው። ይልቅ ለስላሳ ሆኖ ሳለ ጣቶቹን አጥብቃቸው፣ ከዚያ መልሰህ ምድጃ ክተተው። ሰው ከሞት አይመለስም፣ ወርቅ ግን ይመለሳል። ሻይህን ጠጣ።»

ሄድኩ። ላብራቶሪ ገብቼ ነጫጮቹን ጥርሶች ከወርቁ ላይ ነቀልኩ፣ ምክንያቱም እሳት አይችሉም። ለስላሳዎቹን ጣቶች አቅፈው እስኪይዙ አጠበቅኋቸው። ከዚያው ወርቅ አዲስ ጭራዎች አፈሰስኩ። ምድጃ ከመግባቱ በፊት ባልዲውን ከጠረጴዛዬ ሥር አውጥቼ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት። ሚስተር ኮሊን ተደናቀፈበትና ተሳደበ። ይሳደብ። ሥራው ከነጭራው ገብቶ ቀስ ብሎ በረደ፣ ጭራው እንቢ አለ፣ ነጫጮቹን መልሼ ገጠምኩ።

የቀረው ጋሽ በዛብህ ናቸው። አልመጣም አሉ። ዶክተር ሐና ለመነች፣ ልጃቸው ለመነች። በስንት ምልጃ ሰርጉ ሲቃረብ ክሊኒኩ መጡ፣ አፋቸውን ግን አልከፍትም አሉ።

«ጋሽ በዛብህ» አልኩ፣ «እውነት ብለዋል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መዳቡ ግን ምንም አላጠፋም።» ሁለት ጭራ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። «ሁለቱም አንድ ወርቅ ናቸው። ያጥፏቸው።»

አንደኛው ታጠፈ። ሁለተኛውን ታገሉት፣ ደም ሥራቸው ግንባራቸው ላይ ወጣ፣ እንቢ አለ።

«የታጠፈው ነው መዳብ የበዛበት» አሉ።

«እኩል ነው ያላቸው። አንደኛው ውኃ ገባ፣ አንደኛው ቀስ ብሎ በረደ። ያን የመሰለ ጥንካሬ የሚሰጠው መዳቡ ነው።»

«ንጹሑስ?»

«ንጹሑን እርስዎ ያውቁታል እንጂ እኔ ምን አውቄ።»

እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፣ አምባሩን አወጡ። አገላብጠው አዩት። አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። «ለበዓል ባደረገችው ቁጥር ይጣመማል» አሉ ቀስ ብለው። «ጉልበቴ ላይ አድርጌ የማቃናላት እኔ ነበርኩ። ‹ቀስ፣ ትሰብረዋለህ› ትለኛለች። ሁልጊዜ።» አምባሩን በሁለት ጣታቸው ጫን አደረጉት። ታጠፈ። መልሰው አቃኑት። ከዚያ ጠንካራውን ጭራ አነሡና ወንበሩ ላይ ጋደም ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

«ኦኬ ጋሽዬ፣ ዋይድ» አለች ዶክተር ሐና ዓይኗን እየጠረገች።

ጣቶቹ ጥርሶቹን ሲያቅፉ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ያን ድምፅ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሰርጉ ዕለት መጨረሻው ጠረጴዛ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ለመውጣት እንዲመቸኝ። ጋሽ በዛብህ ተነሡ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሰው ጸጥ ያለው ዜማውን ሊሰማ ሳይሆን ጥርሱ ሲወድቅ ሊያይ እንደሆነ አውቄዋለሁ። ጀመሩ። ከፍ አለ። የዚያን ቀን የወደቀበት ቦታ ደረሰ። አለፈው። ከዚያም በላይ ወጣ፣ እዚያው ቆመ፣ ሙሽራዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትንፋሹ መቼ እንደሚያልቅ እየጠበቅሁ የእኔ ትንፋሽ አለቀ።

ሲጨርሱ ጭብጨባው አዳራሹን አናወጠው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ጥርሳቸውን አውልቀው በናፕኪን ጠቀለሉና የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረጉት።

«አጥፉት!» አሉ።

«በስመ አብ! ጋሽ በዛብህ፣ ምግብ ላይ ነን!» አሉ አንድ ቄስ።

«አጥፉት ብያለሁ! አባ፣ እርስዎ ይጀምሩ። ጨክነው ያጥፉት!»

ናፕኪኑ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ ይጸየፋል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ይታገላል። ጣቶቹ እንቢ አሉ። ከብሪክስተን ገበያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷም ነበረች፣ ሞከረች፣ ጥፍሯ ተሰበረ። ይበላት።

«መዳብ አለበት!» አሉ ሽማግሌው በባዶ ድዳቸው፣ ደግሞ በኩራት። «መዳብ ስላለበት ነው! ተካልኝ፣ አንተ ነገረኛ፣ ምን በር ሥር ያስቀምጥሃል? ና እዚህ!»

ሄድኩ። ከቄሱ ጎን አስቀመጡኝ። አቶ ይመርን እንደዚያ ቀን አስቤያቸው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሚስተር ኮሊን ላብራቶሪውን ለትልቅ ኩባንያ ሸጠ፣ ሥራ አስኪያጅ ተቀያየረ፣ ማሽኖቹ ገቡ። ማሽኖቹን አልጠላቸውም፣ የሚሠሩት ጥርስ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይበላበታል። እኔን ያናደደኝ ሥራ አስኪያጆቹ ስሜን አለመያዛቸው ነው። ሚስ ዶሪን አሁንም ስትሪትሃም አለች፣ ሁለቱንም ዳሌዋን አስቀይራ ከእኔ በላይ ትራመዳለች። ጋሽ በዛብህ ሰማንያን አልፈው ይነፋሉ።

ጡረታ በወጣሁ ማግስት ደወሉልኝ።

«ወጣህ አሉ።»

«ወጣሁ።»

«ታዲያ ይኼ ነገር ቢላላ ማን ሊያጠብቅልኝ ነው?»

«አይላላም።»

«ቢላላስ?»

«አይላላም አልኩዎ እኮ!»

«አትጩህብኝ! የኅዳር ጽዮን ዕለት እነፋለሁ፣ ፊት ወንበር ላይ እንዳላጣህ።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ምድጃዋ ከዳቦ መጥበሻው ጎን ተቀምጣለች። ከካምደን በአውቶቡስ ታቅፌያት መጥቼ ክንዴ ዝሏል። ቀዩን ወረቀት ላጥኩት፣ ሶኬት ሰካሁና እጄን በበሯ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ሞቀች።